ሁለት ሦስት ቀን ላላቸው፦ ወደ ሰሜን ሸዋ እስከ የት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥምቀት ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አንድ መልክ ይይዛሉ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ዕረፍት አግኝቷል፤ ወደ ሰሜን ሸዋ ብቅ ማለት ይፈልጋል፤ የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ግን ግራ ገብቶታል። ከደረሱን ስድስቱን እነሆ መልሰናል። ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር (አንዱ 6፣ አንዷ 11 ዓመት) ከጥር 10 እስከ 12 ዕረፍት አለን። መኪና አለን። ደብረ ሊባኖስን፣ አንኮበርንና የጣርማ በርን የመኪና መንገድ ዋሻ በአንድ ዙር ማየት እንፈልጋለን። ካርታ ላይ ሳየው ሁሉም ጎን ለጎን ነው። እንዴት እናድርገው? (የሁለት ልጆች አባት፣ ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ዙሩን ይተዉት። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሰሜን ሸዋ የሚባለው ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ ፍቼን ይዞ በኦሮሚያ ክልል፣ ሌላው ደብረ ብርሃንን ይዞ በአማራ ክልል። መንገዳቸውም ገና ከአዲስ አበባ ሲወጡ ይለያያል። ደብረ ሊባኖስ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ አልፎ ወደ ጎጃም በሚዘልቀው መንገድ ላይ ነው። አንኮበርና ጣርማ በር ደግሞ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ወደ ደሴ በሚሄደው በኩል ናቸው። ካርታው በመሃል ያለውን ገደል አይነግርዎትም። የጀማ ወንዝና ገባሮቹ አገሩን ቆራርጠውታል፤ በገጠር መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር መሞከር ቀኑን ይበላዋል። አዲስ አበባ ተመልሶ እንደገና መውጣት ይሻላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ እቅድ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ መንገዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይቁጠሩት። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው ሲባል ሁለት ሰዓት የማይሞላ ይመስላል፤ ከላምበረት እስከ ለገጣፎ ያለው መጨናነቅ፣ በየከተማው መሃል የሚያልፈው ጋሪና ከብት፣ ከኋላው የሚከተሉት ጭነት መኪና ሲደመር ግን ሦስት ሰዓት ይሆናል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ አንድ ሰዓት ከሩብ ይያዙላት። እንግዲህ አንኮበርን በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ያሰበ ሰው ሒሳቡ ይህ ነው፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ 3 ሰዓት ደብረ ብርሃን፣ ግማሽ ሰዓት ቁርስ፣ ወደ 5 ሰዓት አንኮበር፤ ሳይመሽ አዲስ አበባ ለመግባት 7 ሰዓት ላይ ከአንኮበር መነሳት። ስምንት ሰዓት ተኩል መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ለማየት ማለት ነው። የ6 ዓመት ልጅ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው የመኪናውን የኋላ ወንበር ነው። ደብረ ሊባኖስ ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት ሄዶ፣ ገዳሙንም አጠገቡ ያለውን የፖርቱጋል ድልድይም አይቶ 10 ሰዓት ላይ ቤት መግባት ይቻላል። ስለዚህ ደብረ ሊባኖስን ለሌላ ቅዳሜ አስቀምጡትና ሦስቱን ቀን ሙሉ ለደብረ ብርሃን መስመር ስጡት።

ጥር 10 ከተራ ነው። ሰንዳፋም፣ አለልቱም፣ ሸኖም፣ ጫጫም በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተሠሩ ከተሞች ናቸው፤ ታቦቱ ሲወርድ ሕዝቡ የሚሄደው በዚያው አስፋልት ላይ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ የተነሳ ሰው በየከተማው መቆሙ አይቀርም፤ አጅቦ እንደመሄድ ከቆጠረው ጥሩ፣ ከተበሳጨ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። በጠዋት 12 ሰዓት ውጡና ሳይጀመር አንኮበር ግቡ፤ እዚያው እደሩ። ጥር 11 በዓሉን አይታችሁ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ተመልሳችሁ እደሩ። ጥር 12 ጠዋት 1 ሰዓት ከደብረ ብርሃን ብትነሱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ጣርማ በር ናችሁ። ዋሻውንና ጭላዳ የሚባሉትን ዝንጀሮዎች አይታችሁ 4 ሰዓት ላይ ብትመለሱ ምሳ ደብረ ብርሃን፣ 10 ሰዓት ላይ ሲኤምሲ። በዚያ ቀን የሚካኤል ታቦት የሚገባ ስለሆነ በመንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ያዙ።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚህ በኩል ነው። ነገር ግን የቆመ ቤተ መንግሥት አገኛለሁ ብሎ የሚሄድ ያዝናል። ከምኒልክ ግቢ የቀረው ፍርስራሽ ነው፤ በኮረብታው አናት ላይ ያለው ማረፊያ በኋላ የተሠራ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከዚያ በእግር ዳገት ይወጣል፤ ልጆቹ ሮጠው ይቀድሟችኋል፣ ሻንጣው ግን ቀላል ይሁን። የሚያስደስተው ከላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ማየቱ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ጭጋጉና አቧራው ቆላውን ይሸፍነዋል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ነው። እዚያው እደሩ ያልንበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

የነዳጁን ሒሳብም ይኸው፦ አንኮበር ደርሶ መልስ 344 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር ደርሶ መልስ 100፣ በድምሩ 450 ያህል። ቤት መኪናዎ በ1 ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 45 ሊትር ነው፤ ለዳገቱ 5 ይጨምሩበት። ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ ሳያደርጉ ወደ አንኮበርም ወደ ጣርማ በርም አይውጡ።

አንድ ነገር ለሁሉም ጠያቂዎች። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከጀመረው ግጭት ወዲህ የደብረ ብርሃን መስመር የሚዘጋበት ቀን አለ፤ በሰላሌ፣ ማለትም በፍቼና በደብረ ሊባኖስ በኩልም እንዲሁ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጊዜ አለ። ከመነሳትዎ በፊት ባለው ምሽት ሊያድሩበት ወዳሰቡት ሆቴል ይደውሉ፤ ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ያለ ሰው ይጠይቁ። የሕዝብ ማመላለሻው ከቆመ እርስዎም ይቁሙ። መታወቂያ ሁሉም ሰው በኪሱ ይያዝ፤ ሲመሽ መንገድ ላይ አይገኙ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ መኪና የለኝም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው ያለኝ። አንኮበር በሕዝብ ትራንስፖርት ይሆናል? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ይሆናል። ላምበረት መናኸሪያ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ። መኪናው የሚነሳው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ነው፤ ማልዶ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ደብረ ብርሃን ስትደርሺ ወደ አንኮበር የሚሄደውን እዚያው መናኸሪያ ጠይቂ። አንኮበር ወርደሽ ኮረብታውን ከመውጣትሽ በፊት የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ሾፌሩን ወይም ረዳቱን ጠይቂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የማታው ጉዞ እንደ ከተማ የሚቀጥል እየመሰለው ያመሽና እዚያው ይቀራል። እሑድ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሰው ብዙ ስለሆነ ከ7 ሰዓት በፊት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተገኚ። በበዓል ዕለት ግን አትሂጂ፤ ሾፌሮቹም በዓል ያከብራሉ።

ጥያቄ፦ የ72 ዓመት አባቴ ከአሜሪካ ለአንድ ሳምንት መጥተዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። አንድ ቀን ብቻ ከከተማ ላወጣቸው እፈልጋለሁ። የት? (ልጃቸው፣ ከቦሌ)

መልስ፦ ደብረ ሊባኖስ። አንኮበር ዳገት አለው፤ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን እንኳ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ አዲስ አበባን በ400 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ከባሕር ጠለል አጠገብ ለመጣ ሽማግሌ አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ናት። ከመጡ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሳያድሩ ወደ የትም አይውሰዷቸው። መድኃኒታቸው ከኋላ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን። ቁጭ ብለው ሳለ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ራስ ምታቱ ካልለቀቃቸው ጉብኝቱን አቋርጣችሁ ወደ ሐኪም ተመለሱ።

ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ ወደ ገዳሙ የሚወርደው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ድረስ ይገባል። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ገዳም ነው። አሁን የሚታየውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕሎቹ የአፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ብርሃኑ በመስታወቱ ሲገባ ለማየት ፀሐይ ወጣ ሲል መድረስ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱንና ለበዓል የመጣውን ምእመን የፈጀበት ቦታም ይኸው ነው፤ አባትዎ ይህን የሚያውቁ ትውልድ ስለሆኑ ለመቀመጥና ለመጸለይ ጊዜ ይተዉላቸው። የጻድቁ ዋሻ ወዳለበት የሚወጣው መንገድ ግን ለጉልበታቸው አይሆንም። ሴቶች ነጠላና ቀሚስ፣ ሁሉም በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ። ወር በገባ በ24 ሕዝብ ይበዛል፤ ታኅሣሥ 24፣ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 ደግሞ መኪና ማቆሚያም አይገኝ፤ ለሽማግሌ ሌላ ቀን ይሻላል።

የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው እዚያው አጠገብ ነው። ስሙ እንጂ ሥራው የፖርቱጋሎች አይደለም፤ በራስ ዳርጌ ዘመን የተሠራ ነው። ጠርዙ ላይ መከላከያ ስለሌለ አባትዎ ከላይ ሆነው ሸለቆውን ቢያዩ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ መንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ ለማየት በሁለት ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? (ፎቶ አንሺ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ መድረስ ይቻላል፤ ማየት ግን በዕድል ይሆናል። ጓሳ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣርማ በር ላይ ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሃል ሜዳ ይኬዳል። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይያዙለት። በሁለት ቀን ከሆነ የሚቀርዎት አንድ ምሽትና አንድ ጠዋት ነው። ሦስት ቀን ካገኙ ይሂዱ፤ ካላገኙ ጣርማ በር ላይ ጭላዳ ያንሱና ይመለሱ።

ሦስት ቀን ካለዎት ግን ከዚህ ዞን የቱን ትመርጣላችሁ ብትሉን መልሳችን ጓሳ ነው። ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሣር ምድር ነው። ስሙን የሰጠው ጓሳ የተባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድም ይሆናል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደጠበቀው ይነገራል፤ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፣ ከብትም ማጭድም አይገባም፣ ከዚያ ተስማምተው ከፍተው ያጭዳሉ። ቀበሮው ዛሬ ድረስ የተረፈው በዚህ ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፤ ሌሊት አዳኝ መስሎት ጨለማ የሚጠብቅ ሰው ግን ያመልጠዋል። ምግቡ በቀን የሚወጣ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ የሚያድነው በቀን ነው፤ ጠዋት ውርጩ ሲለቅና ከ10 ሰዓት በኋላ ይፈልጉት። የጭላዳ መንጋ ካገኙ በመንጋው መሃል ይመልከቱ። በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮ በጭላዳዎች መሃል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የሚሳካው 25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ ግልገላቸውን እንደማይነካ ያወቁ ይመስላሉ። እርስዎ ግን እየተከተሉ አይሩጡ፤ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ብዙ ጊዜ የተሻለ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን በውስጥ ኪስ ከገላዎ ጋር ይያዙ፣ ሌሊትም ብርድ ልብሱ ውስጥ ያሳድሩት። ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል። የመኪናውም ባትሪ ያረጀ ከሆነ ጠዋት አይነሳም፤ አዲስ አበባ ላይ ያስፈትሹት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ መኪናችን ክፉ ሽታ ሸተተ፤ ፍሬኑም ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። መካኒክ ዘንድ ስንወስደው ግን ምንም አልተገኘበትም። ምን ሆኖ ነው? (ከአያት)

መልስ፦ ፍሬኑ ፈልቶ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ስለሚመለስ መካኒኩ ምንም አላገኘም። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ በ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1700 ሜትር በላይ ይወረዳል። ያ ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከተያዘ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። ሽታው ከዚያ ነው። የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነም ከአየሩ እርጥበት ስቦ ስለሚቆይ ይፈላና እንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ መርገጫው ወደ ታች ይሰምጣል። ሁለቱም ምልክት ደርሶባችኋል፤ በሰላም መግባታችሁ ዕድል ነው።

ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩ። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ፤ በሁለተኛ፣ ገላጣ ሲሆን በሦስተኛ። አውቶማቲክ ከሆነ 2 ወይም ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) መውረድ በዚህ ቁልቁለት ነፍስን ማስያዝ ነው። ፍሬኑን እግርዎን ጭነው አይቆዩበት፤ ጠንከር አድርገው ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቁ። ከሸተተ ሜዳ ፈልገው 30 ደቂቃ ይቁሙ። ውሃ አይድፉበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬንም በጋለ ሸራ ላይ አይሳቡ፤ ማርሽ አስገብተው ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ሲነሱ ድንጋዩን ከመንገድ ያንሱ፤ በዚህ መስመር ማታ ለሚመጣ ሰው ሌላው ትቶት የሄደው ድንጋይ አደጋ ነው።

ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ዋሻ ጠባብ ስለሆነ ከፊት ትልቅ መኪና ከገባ ውጭ ሆነው ይጠብቁት። ጉም ካለ ረጅሙን መብራት አያብሩ፤ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይንዎ ውስጥ ይከተዋል። አጭሩን ያብሩ፣ መስታወቱን በሙቅ አየር ያድርቁ፣ ጠመዝማዛው ላይ ክላክስ ያሰሙ። እስከ ሸዋ ሮቢት ወርደው የሚያድሩ ከሆነ ቆላ ነውና አጎበር አይርሱ፤ ወባ አለ።

ጥያቄ፦ ከመንገዱ ምን ገዝተን እንመለስ? ምግቡስ? (እናትና ልጅ፣ ከጎፋ)

መልስ፦ የሸኖ ቅቤ ስሙ የገነነ ስለሆነ የሸኖ ያልሆነውም በስሙ ይሸጣል። ሲሄዱ አይግዙ፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ይቀልጥብዎታል። ሲመለሱ ጨልፈው፣ በጣትዎ አሽተው፣ ቀምሰው ይግዙ፤ እሽት ሲያደርጉት የማይቀልጥና የሚጎረብጥ ከሆነ ይለፉት። የደብረ ሲና ቆሎ ለመንገድ ይሆናል፤ ልጆች ግን ለጭላዳ እንዳይወረውሩ። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ እህል የለመደ መንጋ ወደ አስፋልት ወጥቶ መኪና ይገጨዋል፣ ቦርሳ መንጠቅም ይማራል።

የመንዝ ባና ወይም በርኖስ የበግ ፀጉር መሆኑን ለማወቅ ከጠርዙ አንድ ክር ለመምዘዝ ባለቤቱን ያስፈቅዱና በክብሪት ይለኩሱት። የበግ ፀጉር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፤ ፋብሪካው የሠራው ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። በጥሩ ባና ሻጭ አይቆጣም።

ምግብን በተመለከተ፣ ከተራ የገሃድ ጾም ስለሆነ በዚያ ቀን ክትፎና ጥብስ ተመኝታችሁ አትውጡ፤ ሽሮውና ተጋቢኖው ግን በየከተማው አለ። የበዓሉ ዕለት ደግሞ ትናንሾቹ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ድፎ ዳቦና ውሃ ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ለሚቀረው መንገድ ሻይ በፔርሙዝ ይጨመርበት።